ስም ያጣሁለት በደል

የበደለችኝ ወይዘሮ የሺመቤት ናት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ሰዓቱን የማውቀው ሬዲዮ ተከፍቶ ስለነበር ነው። አንዳንድ ሰው “ቆይቷል እኮ” ይለኛል። መቆየቱን እኔም አውቃለሁ፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

በደሉን ስነግራችሁ እንደምትስቁ ይገባኛል። ሳቁ። ከሳቃችሁ በኋላ ግን አንብባችሁ ጨርሱ።

ያኔ የሺና እኔ ካዛንችስ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። የውኃ ቧንቧችን አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዳችንም አንድ። መሥሪያ ቤታችንም አንድ ነበር፤ ሁለታችንም ታይፒስቶች። እሷ ፈጣን ነበረች፣ እኔ ደግሞ አልሳሳትም ነበር። አለቆቻችን የሚያመሰግኑት ፈጣኗን ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አላነሳውም። እንዳልረሳሁት እንድታውቁ ያህል ነው።

እኔ ለቤታችን አምስተኛ ሴት ልጅ ነኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የመጀመሪያዋ ቀሚስ ሲያጥራት ለሁለተኛዋ ይወርዳል፣ ከሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ፣ እያለ እያለ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀለሙ ምን እንደነበረ እናቴ ራሷ አታስታውስም። ጫማዬ የሌላ ሰው ጣት ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣልኝ። ደብተሬ እንኳን የፊት ገጾቹ የተቀደዱበት ነበር። ባጭሩ፣ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ ከእኔ በፊት ማንም ያልለበሰው ልብስ ለብሼ አላውቅም።

በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ስታዲየም አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ሄድኩና ጉርድና ኮት አሰፋሁ። ቀለሙ የወይን ጠጅ። ሰፊው ሜትሩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ለካና “የግራ ትከሻሽ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አታስቢ፣ ስፖንጅ አስገባበታለሁ” አለኝ። ከዚያ በፊት ስለ ግራ ትከሻዬ ያሰበ ሰው አልነበረም። ልብሱን ለማን ልለብስለት እንደነበር ለመገመት አትድከሙ። ለማንም አልነበረም። አንዲት የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ልታገባ ነበርና ሠርጓ ላይ ላደርገው አሰብኩ፤ በቃ።

ኮቱን አምጥቼ ሰቀልኩት። አዲስ ኮት ላይ እንደሚደረገው፣ ቅርጻቸው እንዳይበላሽ ሁለቱም ኪሶች በነጭ ክር ተሰፍተው ነበር። ክሩን የሠርጉ ዕለት ጠዋት እበጥሰዋለሁ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ሰው ከኪስ ጋር ቀጠሮ ይይዛል ወይ እንዳትሉኝ፤ እኔ ይዤ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የአባቴ እህት ደብረ ብርሃን ማረፏ ተነገረኝ። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልወጣ ስል የሺ በሬ ላይ ቆማለች።

“እግዚአብሔር ያጥናሽ” አለችኝ። አቀፈችኝ። አለቀሰችም፤ ይህን አልክድም። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

“እንግዲህ ሠርጉ ላይ አትኖሪም።”

“አልኖርም።”

“ታዲያ ልብሱ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ምን ይሠራል?”

ልብስ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚህም ሌላ በእኛ ዘንድ ሰው “አይሆንም” ለማለት ወይ መታመም ወይ መዋሸት አለበት። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፤ ለመዋሸት ደግሞ ለቅሶ የሚወስደኝ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። “ውሰጂው” አልኩ። ሬዲዮው አራት ሰዓት ሆነ አለ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ልብሱ ላውንደሪ ገብቶ፣ ተተኩሶ፣ ከአንድ ፌስታል ብርቱካን ጋር ቤቴ ይጠብቀኛል። አልተቀደደም። አልቆሸሸም። ሽቶ እንኳን አልሸተተም። የጎደለው ክሩ ብቻ ነው። ሁለቱም ኪሶች ተከፍተዋል።

ሀዘኔ አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሼው ቢሮ የሄድኩ ዕለት የበሩ ዘበኛ “እንዴ! የወይዘሪት የሺን ልብስ ተዋሱ?” አለኝ። ደረጃው ላይ አንዷ ጸሐፊ “የየሺ አይደለም እንዴ ይሄ? አንቺም ያምርብሻል” አለችኝ። “አንቺም” ያለችውን ልብ በሉልኝ። ይባስ ብሎ የሺ በዚያ ሠርግ ላይ ጌታሁን ከሚባል የስምሪት ክፍል ባልደረባችን ጋር ተዋውቃ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ ደረሰና “የሺዬ!” ብሎ ትከሻዬን፣ ያውም ስፖንጅ የገባበትን ትከሻ፣ መታ አደረገኝ። ዞርኩ። ፊቱ ላይ የወረደውን ቅሬታ ዛሬም ብትጠይቁኝ እስለዋለሁ። በዓመቱ ተጋቡ። ነፍሱን ይማረውና ጌታሁን ጥሩ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ግን ደካማ ነበር።

ልብሱን ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም።

ዋናው ችግሬ ይህ አይደለም። ዋናው ችግሬ በደሉ ስም ማጣቱ ነው። ሽማግሌ ፊት ባቀርባት ምን ብዬ ነው የምከሳት? “ምን አደረገችሽ?” ይሉኛል። “ልብሴን ለበሰች።” “ሰርቃ?” “አይ፣ ፈቅጄላት።” “ቀደደችው?” “አይ።” “ሳትመልስ ቀረች?” “ከብርቱካን ጋር መለሰች።” ሽማግሌዎቹ ተነስተው የሚሄዱት ወደ እሷ ነው፤ እኔን የመሰለች ጎረቤት ስለሰጣት ሊያጽናኗት።

ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ዝም አልኩ። በዓል ሲሆን ተጠያየቅን፣ ስትወልድ ለገንፎ ገባሁ፣ ባሏ ሲሞት ሦስት ቀን አብሬ አደርኩ። የተጣላን የሚመስለው ሰው አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ ሜሮን ስፓኒሽ ጀመረች። ዛሬ ቤቴ ላንቻ ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ቱሪስት የሚያስጎበኝ መሥሪያ ቤት ገብታ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን እየፋቀች ከስልኳ ጋር ታወራለች። አንድ ቀን አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ ሳሎኑ መሐል ትሽከረከራለች።

“አክስቴ፣ ዛሬ ጫማዬን ኤስትሬናር ላደርገው ነው!”

“ምን ልታደርጊው?”

“ኤስትሬናር። ማለቴ… አዲስ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መልበስ፣ መጠቀም፣ ምናምን። ለሱ ቃል አላቸው።”

“ስንት ቃል?”

“አንድ። በቃ አንድ ቃል ነው።”

ተቀመጥኩ።

“ምነው አመመሽ?”

“በእኛስ የለም?” አልኳት።

“መመረቅ በይው።”

“ምረቃ ሪባንና ንግግር ይፈልጋል።”

“እሺ… ማሟሸት?”

“የሚሟሸው ድስትና ምጣድ ነው። ሰው ኮት አያሟሽም።”

“ኮት ማን ጠራ? ስለ ጫማ እኮ ነው የማወራው” አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሆዱን ሲያመው ኖሮ አንድ ቀን ሐኪም የበሽታውን ስም ቢነግረው ደስ ይለዋል አይደል? መድኃኒት ገና ሳይሰጠው። እንደዚያ ነው የሆንኩት።

የዚያን ሳምንት ቃሉን አላሳረፍኩትም። ሜሮን ያልተነካ ሳሙና ብትፈታ “ኤስትሬናር አደረግሽብኝ!” እላለሁ። አዲስ ቅቤ በማንኪያ ብትጭር ከሌላ ክፍል ይሰማኛል። ከላንቻ የተሳፈርኩበት አንድ ሚኒባስ ወንበሩ ገና ላስቲኩ ያልተነሳለት ሆኖ ባገኘው፣ ከእኔ ቀድሞ ሊገባ የነበረን ጎልማሳ በጃንጥላዬ አግጄ “አንዴ ይታገሱኝ” ብዬ ገባሁ። ረዳቱ “ማዘር፣ ወንበሩ እኮ የትም አይሄድም” አለ። ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚመለስ ነገር የለም።

ይሁንና ስልክ ስለተናገረ ብቻ አላምንም። ስልክ ዝናብ የለም ብሎኝ በስብሼ አውቃለሁ። ስለዚህ ደምሴ ኩባ ዘንድ ሄድኩ። ደምሴ በደርግ ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው አድጎ፣ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ዛሬ ካዛንችስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ማዶ በተረፈው ወገን፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ስፓኒሽ የሚናገረው ከማሽኑ ጋር ሲጣላ ብቻ ነው።

“ደምሴ፣ ኤስትሬናር ምንድነው?” አልኩት፣ ከሰላምታ በፊት።

እጁ የማሽኑ ክዳን ላይ እንዳለ ቀረ። “እትዬ፣ ይህን ቃል ደግሞ ከየት አመጡት?”

“አንተ ትርጉሙን ንገረኝ።”

ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። “ኩባ እንደገባን ለእያንዳንዳችን አዲስ ጫማ ሰጡን። ከነካርቶኑ፣ ውስጡ ወረቀት እንደተጠቀጠቀ። እኔ እስከዚያ ድረስ የወንድሜን ነበር የማደርገው። አስተማሪያችን ተሰልፈን ስታየን አጨበጨበችና ‘ዛሬ ሁላችሁም ኤስትሬናር አደረጋችሁ!’ አለችን። ከስፓኒሽ መጀመሪያ የያዝኩት ቃል እሱ ነው። ሰላምታ እንኳን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።”

“ለጫማ ብቻ ነው?”

“ለልብስም፣ ለመኪናም፣ ለቤትም፣ ለአዲስ ፊልምም ይሆናል። ግን እትዬ፣ የደስታ ቃል ነው። አዲስ የለበሰ ሰው ሲያዩ ፈገግ ብለው ነው የሚሉት። ያለ ፈገግታ ሲሉት አልሰማሁም።”

ፈገግታው አላስፈለገኝም። “ለክስስ ይሆናል?”

“ለምን?”

“ለክስ። አንዷ የሌላዋን አዲስ ልብስ ቀድማ ብትለብስባት።”

ጣሪያውን አየ። “ይባላል። ‘ሜ ሎ ኤስትሬኖ’ ይባላል። አዲሴን ቀድማ ለበሰችብኝ እንደማለት ነው።”

አያችሁልኝ? እኔ ጨጓራዬን ያቃጠልኩበትን ነገር ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በሦስት ቃል ጨርሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

“ጻፍልኝ” አልኩት።

ጻፈልኝ። ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ግን ጫፉን ይዞ አልለቀቀውም። “ይህ እንኳን ለማንም ሰው ዝም ብሎ የሚባል አይደለም። እህትማማቾች ናቸው የሚባባሉት። ቁም ሣጥናቸው አንድ የሆነ።”

“እህቴ አይደለችም።”

“ማን?”

“ማንም” አልኩና ወረቀቱን ሁለት ኮፒ አስነስቼ ወጣሁ። ማስረጃ ያለ ኮፒ አይያዝም።

የካዛንችስ ዕድራችን አባላቱ በየአቅጣጫው ከተበተኑ በኋላም አልፈረሰም። በወር አንድ እሑድ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ እንሰበሰባለን። የዚያን ወር አጀንዳ አዲሱ ድንኳን ነበር። አሮጌው አርጅቶ ለቀስተኛ ላይ ማፍሰስ ስለጀመረ አዲስ ተገዝቶ፣ ከነማሸጊያው ጥግ ላይ ተቀምጧል። የሺ አልመጣችም፤ የአዲስ ቤት ቁልፍ ልትቀበል ሄዳለች። ልጇ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለ አዲስ ፎቅ ላይ ቤት ገዝቶላታል። ሰውን በሌለበት ማንሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ያነሳሁት ለመለማመድ ያህል ነው።

ሰብሳቢያችን አቶ ገብረሥላሴ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። “ሌላ ጉዳይ ያለው?” ሲሉ ተነሳሁ። ቃሉን ተናገርኩ። ትርጉሙን አስረዳሁ። ኮቱን፣ ክሩን፣ ዘበኛውን፣ ኮሪደሩን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። የሺን በስሟ አልጠራሁም፤ “አንዲት ከባምቢስ ጀርባ ቤት የደረሳት አባላችን” ብቻ አልኩ። አሁን ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ወይዘሮ አልማዝ ከፊት ወንበር ቀስ ብላ ዞረች።

“ለሱ ቃል አለው?”

“አለው።”

“እንግዲያው” አለችና ጎኗ ወደተቀመጠችው ወደ ባሏ እህት ጣቷን ቀሰረች፤ “የልጄን የክርስትና ልብስ ለልጇ ቀድማ ያለበሰችው እሷ ናት!”

“ልጄ ቀድሞ ስለተወለደ እኮ ነው!”

“የገዛሁት እኔ ነኝ!”

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ከኋላ አንዷ የጥሎሽ ጫማዋን አነሳች። ሌላዋ ገና ያልተተኛችበትን ፍራሽ ለእንግዳ ያነጠፈባትን ባሏን፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሰሰች። አንድ አዛውንት ተነስተው ያልተገለጠ ጋዜጣቸውን ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ይገልጥባቸው የነበረ ጎረቤት እንደነበራቸው ተናገሩ፤ ጎረቤቱ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ቆሜ በኩራት ሳዳምጥ ወይዘሮ አልማዝ እንደገና ዞረች። በዚህ ጊዜ ወደ እኔ ነበር።

“አንቺስ? የእኔን ጃንጥላ?”

“ዝናብ ነበራ!”

“ላስቲኩን እንኳን አልፈታሁለትም ነበር እኮ!”

ዝናብ እንደነበር አሁንም እናገራለሁ። ጃንጥላን በፀሐይ መመረቅ ከፈለገች ልትነግረኝ ይገባ ነበር።

አቶ ገብረሥላሴ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። “ጸጥታ! ሁላችሁም ቀዳሚ መሆን እንደምትወዱ ተረድቻለሁ። መልካም።” መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ጥግ ጠቆሙ። “ይኸውና ያልተነካ ድንኳን። ማን ኤስትሬናር ያድርግልን?”

ዓይን ሁሉ ወለሉ ላይ ተተከለ። ባለ ጋዜጣው አዛውንት ሊያስሉ ጀምረው ሳላቸውን መልሰው ዋጡት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት።

“ሰማሁ” አለችኝ።

“ምን ሰማሽ?”

“ስፓኒሽ ጀምረሻል አሉ።”

እሷ ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበርና መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

“ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ባምቢስ ነይ። ገና ማንም አልገባበትም። ልጄም አልገባ።”

“ዕቃው እስከዚያ ይገባ የለም? ዕቃ አውራጆቹስ?”

“ጫማቸውን አስወልቃቸዋለሁ። አይቆጠርም” አለችና ዘጋችው።

ዓርብ ልብሱን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ጉርዱን ሞከርኩት፤ ዚፑ እኔን ረስቶኛል። አጣጥፌ በፌስታል ከተትኩት። ከሜሮን ጋርም ተለማመድኩ።

“አክስቴ፣ ለማን ልትይው ነው ግን?”

“ለአንዲት ጎረቤቴ።”

“የስፔን ሰው ናት?”

“የካዛንችስ ሰው ናት።”

ዕቅዴ ይህ ነበር። ሊፍት ውስጥ ዝም እላለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ፣ ልትከፍት ስትል፣ ልብሱን አውጥቼ ቃሉን እናገራለሁ። ከዚያ የምትለውን ሰምቼ፣ ከካደች ከዚያ ቀን በኋላ በሯን አልረግጥም። ላንቻ የምመለሰው ወይ እውነቷን ይዤ ነው፣ ወይ ያለ የሺ። ምርጫው ቀላል አልነበረም። ሌላ የሺ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ሰው መቀየም ደግሞ ከባድ ነው፣ ከመጀመሪያው መጀመር ይጠይቃል።

ሊፍቱ ገና አልተገጠመም ነበር። ቤቷ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሁለት ጉልበታቸው ያለቀ ሴቶች ግድግዳውን ይዘን መውጣት ጀመርን። አንደኛ ፎቅ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና “የሺ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት…” ብዬ ጀመርኩ፤ ትንፋሼ እዚያው አለቀ። “ቆይ እንረፍ” አለች። ሁለተኛው ላይ “በግንቦት ወር…” አልኩ። “ጉልበቴን አታናግሪው” አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ዕቅዱን ትቼ ፌስታሉን ከፈትኩና ኮቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

“ይህን ታውቂዋለሽ?”

እጇን በነጠላዋ ጠረገች። እጅጌውን ነካች። ከዚያ ጣቷ በቀጥታ ወደ ኪሱ ሄደ።

“ተሰፍቶ ነበር” አለች። “በጥርሴ ነው የበጠስኩት። መቀስ እስክፈልግ አላስቻለኝም።”

ሠላሳ ዓመት አንዲት ማምለጫ ትቼላት ነበር፤ ምናልባት አዲስነቱን አታውቅ ይሆናል እያልኩ። ያንንም ራሷ ዘጋችው።

“አዲስ መሆኑን እያወቅሽ?”

“አዲስ በመሆኑ ነዋ!” አለች፣ እንደ ገረማት ሁሉ። “አንቺ የእህቶችሽን ልብስ እየለበስሽ እንዳደግሽ ስታወሪ እቀናብሽ ነበር። እኔ ሰው ቤት ነው ያደግኩት። የሚወረወርልኝ ልብስ የማን እንደነበር የሚነግረኝ እንኳን አልነበረም። ያን ቀን ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ባዶ ነው። ማንም እጁን ያልከተተበት ኪስ። እስኪመሽ አላወጣሁትም። ጌታሁን ለጭፈራ ሲያስነሳኝ አንድ እጄን ብቻ ነው የሰጠሁት።”

ይህ ምክንያት ነው። ይቅርታ ሌላ ነገር ነው፤ ልዩነቱን ጡረታ የወጣች ታይፒስት አታጣውም። ወረቀቴን አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ “ሜ ሎ ኤስትሬኖ” አልኳት።

“ምን ማለት ነው?”

“አዲሴን ቀድማ ለበሰችብኝ።”

የሺ ኮቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። “እውነት ነው” አለች።

ብትክድ የምለው ነበረኝ። ብትስቅም፣ ብትቆጣም፣ ብታለቅስም የምለው አዘጋጅቼ ነበር። “እውነት ነው” ለሚል ሰው ያዘጋጀሁት አልነበረም። ተነስተን መውጣታችንን ቀጠልን።

አምስተኛው ፎቅ ላይ ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ብቅ አለች። “እንኳን ደህና መጡ እማማ! እርስዎ ነዎት አዲሷ ጎረቤቴ?”

“እኔ ነኝ የኔ ልጅ” አለች የሺ፣ ቁልፏን እየፈለገች። “ይቺ እህቴ ናት።”

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

በሩን ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች። “ግቢ። ቀኝ እግርሽን አስቀድሚ።”

“ቤቱ ያንቺ ነው።”

“የማን እንደሆነማ አውቃለሁ። አንቺ እግረ እርጥብ ነሽ፤ ግቢ ስልሽ።”

ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ። ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ገባሁ። ወለሉ ላይ አንድም የሰው ዱካ አልነበረበትም።

“አሁን እኩል ነን?” አለችኝ ከኋላዬ።

“ገና ነን” አልኳት።

ሳሎኑ መሐል ከነላስቲኩ የተቀመጠ ሰፊ አረንጓዴ ሶፋ አለ። “ላስቲኩ ይቆይ” አለች የሺ፤ “ልጄ ለገና ሲመጣ ነው የምናነሳው።”

ወደ ሶፋው ሄድኩ። ላስቲኩን በቀሩኝ ጥርሶች ቀደድኩት፤ ዙሪያውን ገፍፌ አወጣሁትና መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ውኃ ጠየቅኳት። አዲስ ብርጭቆ አጥባ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ላስቲኩን አጣጥፌ በፌስታል ይዤ በታክሲ ላንቻ ተመለስኩ። ማታውን የኮቱን ኪሶች በነጭ ክር መልሼ ሰፋኋቸው፤ ልብሱንም ላስቲኩ ውስጥ ሰቀልኩት።